መደብር ሲከስር የሸማቹ ገንዘብ ወዴት ይሄዳል?

ዕቃውን ሳይረከብ ዋጋውን የከፈለ ሰው ራሱን የሚያየው እንደ ገዢ ነው። ሕግ ግን ሌላም ስም ይሰጠዋል፤ ባለገንዘብ፣ ማለትም አበዳሪ ይለዋል። ለአልጋ ቀብድ የከፈለ፣ ለልጁ ልደት የስጦታ ካርድ የገዛ፣ በፖስታ እንዲላክለት ጫማ ያዘዘ፣ ሁሉም ሳያውቁት ለባለመደብሩ ብድር ሰጥተዋል። ባለመደብሩ ደኅና እስከሆነ ድረስ ይህ የስም ልዩነት ለማንም አይታወቅም። መደብሩ የከሰረ ዕለት ግን ይገለጣል። ትናንት «ክቡር ደንበኛችን» ይባል የነበረው ሰው ዛሬ ከባንኩ፣ ከሠራተኛውና ከግብር ሰብሳቢው ኋላ ተሰልፎ ተራውን ይጠብቃል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ሰልፍ ማብራራት ነው። ለምሳሌነት የምንወስደው የብሪታንያን፣ በተለይም የእንግሊዝንና የዌልስን ሕግ ይሆናል። በዚያ አገር ስመ ጥር መደብሮች ተራ በተራ ስለወደቁ ጉዳዩ በፍርድ ቤትም፣ በሕግ አውጪውም፣ በየቤቱም በሰፊው ተመርምሯል። ከዚህም ሌላ በዚያ የሚኖሩ፣ በዚያም የሚሸምቱ የአገራችን ልጆች ጥቂቶች አይደሉም። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመቶች «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. በአስተዳዳሪ እጅ መግባት

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ በቅድሚያ ቃሉን እንረዳ። አንድ ኩባንያ ዕዳውን መክፈል ሲሳነው ሁለት ዋና ዋና መንገዶች ይጠብቁታል። አንደኛው መፍረስ ነው፤ ሒሳብ አጣሪ ይሾማል፣ ንብረቱ ይሸጣል፣ ገንዘቡ ለባለገንዘቦች ይከፋፈላል፣ ኩባንያውም ያከትምለታል። ሁለተኛው እንግሊዞች «አድሚኒስትሬሽን» የሚሉት ሲሆን፣ እኛ በአስተዳዳሪ እጅ መግባት ልንለው እንችላለን። ይህን መንገድ ያመጣው የ1986ቱ የኪሳራ ሕግ ነው፤ በ2002 የወጣ ሌላ ሕግም ሥርዓቱን አሻሽሎታል።

አስተዳዳሪው የሙያ ፈቃድ ያለው ሰው ነው፤ ብዙውን ጊዜም የሒሳብ ዐዋቂ ነው። ሲሾም የኩባንያው ሥልጣን ከዲሬክተሮቹ ወደ እርሱ ይዛወራል። ሕጉ በቅደም ተከተል ሦስት ዓላማዎችን ያስቀምጥለታል። የመጀመሪያው ኩባንያውን ማዳን ነው። ይህ ካልተቻለ፣ ኩባንያው ወዲያውኑ ቢፈርስ ኖሮ ባለገንዘቦች ከሚያገኙት የተሻለ እንዲያገኙ ማድረግ ነው። ይህም ካልተቻለ፣ ንብረቱን ሸጦ መያዣ ላላቸው ወይም የቀደምትነት መብት ላላቸው ባለገንዘቦች መክፈል ነው።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል። ሕጉ ይህን ስለሚያውቅ፣ አስተዳዳሪ እንደተሾመ ምሳሮቹ ሁሉ እንዲቆሙ ያዝዛል። ከዚያ በኋላ ማንም ባለገንዘብ ያለ አስተዳዳሪው ወይም ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ ኩባንያውን መክሰስም ሆነ ንብረቱን መያዝ አይችልም። በዚህ ጊዜ የመደብሩ በር ክፍት ሆኖ ሽያጭ ሊቀጥል ይችላል። ሸማቹን ግራ የሚያጋባውም ይኸው ነው። መብራቱ በርቷል፣ ዕቃው ተደርድሯል፣ ገንዘብ ተቀባይዋም በቦታዋ አለች፤ ያለፈው ሳምንት ቀብዱን ሲጠይቅ ግን «መመለስ አንችልም» ይባላል።

ይህ መልስ የገንዘብ ተቀባይዋ ክፋት አይደለም። አስተዳዳሪው የሚሠራው ለባለገንዘቦች በጠቅላላ ነው። አምርሮ ለጮኸው ወይም ቀድሞ ለመጣው ሙሉ ገንዘቡን ቢመልስለት፣ የከፈለው ከሌሎቹ ድርሻ ላይ አንሥቶ ይሆናል። ስለዚህ ከሹመቱ በፊት የተፈጠረው ዕዳ እንዳለ ይቆምና ተራውን ይጠብቃል።

2. የሰልፉ ቅደም ተከተል

የኩባንያው ንብረት ሲሸጥ ገንዘቡ የሚከፈለው እንደሚከተለው ነው።

ሀ) ተለይቶ በታወቀ ንብረት ላይ፣ ለምሳሌ በሕንፃ ላይ፣ መያዣ ያለው አበዳሪ። ይህ በአብዛኛው ባንክ ነው።

ለ) የአስተዳዳሪው ደመወዝና የሥራው ወጪ።

ሐ) ሠራተኞች። ከሹመቱ በፊት በነበሩት አራት ወራት ላልተከፈለ ደመወዝ ለአንድ ሰው እስከ 800 ፓውንድ፣ እንዲሁም ላልተከፈለ የዕረፍት ጊዜ ክፍያ ይቀድማሉ።

መ) የግብር መሥሪያ ቤቱ። ከታኅሣሥ 1 ቀን 2020 ጀምሮ፣ ኩባንያው ከገዢዎችና ከሠራተኞች ሰብስቦ ላላስረከባቸው እንደ ተጨማሪ እሴት ታክስ ላሉ ግብሮች የቀደምትነት መብት ተሰጥቶታል።

ሠ) መያዣ ለሌላቸው ባለገንዘቦች ተቀንሶ የሚቀመጥ ድርሻ። ይህ ድርሻ እንደ መደብር ዕቃ ካለ ተለዋዋጭ ንብረት ከተገኘው ገንዘብ ላይ ይቀነሳል። ከመጀመሪያው 10,000 ፓውንድ ግማሹ፣ ከተረፈው ደግሞ ከመቶ 20 ሲሆን፣ መያዣው ከሚያዝያ 6 ቀን 2020 ወዲህ የተሰጠ ከሆነ እስከ 800,000 ፓውንድ ሊደርስ ይችላል።

ረ) በተለዋዋጭ ንብረት ላይ መያዣ ያለው አበዳሪ። ይህም ዘወትር ያው ባንክ ነው።

ሰ) መያዣ የሌላቸው ባለገንዘቦች፤ ዕቃ አቅራቢዎች፣ አከራዮች፣ ሸማቾች።

ሸ) የኩባንያው ባለአክሲዮኖች።

ሸማቹ የሚቆመው በ«ሰ» ላይ ነው። እዚያ የሚደርሰው ገንዘብ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት አንድ ምናባዊ መደብር እናስብ። ሒሳቡ ተማሪዎች በክፍል ሊሠሩት የሚችሉ ነው።

ባንኩ ለመደብሩ 12 ሚሊዮን ፓውንድ አበድሯል እንበል። ሕንፃው በ6 ሚሊዮን ተሸጠ፤ ሁሉም ለባንኩ ገባ፤ ባንኩ ገና 6 ሚሊዮን ይቀረዋል። የመደብሩ ዕቃ በ5 ሚሊዮን ተሸጠ። ከዚህ ላይ የአስተዳዳሪው ወጪ 1 ሚሊዮን፣ የሠራተኞች 400,000፣ የግብር መሥሪያ ቤቱ 1,100,000 ይቀነሳል፤ 2,500,000 ይተርፋል። ከዚህ ለብቻው የሚቀመጠው ድርሻ የ10,000 ግማሽ 5,000፣ ከቀሪው 2,490,000 ከመቶ 20 ደግሞ 498,000፣ በድምሩ 503,000 ፓውንድ ነው። የተረፈው 1,997,000 ለባንኩ ይሄዳል፤ ባንኩ እንኳ ሙሉ ገንዘቡን አላገኘም።

አሁን መያዣ የሌላቸው ባለገንዘቦች የሚጠይቁት በጠቅላላ 10,060,000 ፓውንድ ቢሆን፣ 503,000 ለ10,060,000 ሲካፈል ለእያንዳንዱ ፓውንድ 5 ፔንስ ይደርሰዋል። ለሶፋ 400 ፓውንድ አስቀድሞ የከፈለ ሰው የሚመለስለት 20 ፓውንድ ነው። ይህንንም ቢሆን የሚያገኘው ቅጽ ሞልቶ፣ ማስረጃ አቅርቦ፣ ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ከጠበቀ በኋላ ነው።

ከምሳሌው የምንማረው የሸማቹ መብት አለመጥፋቱን ነው። የ400 ፓውንድ መብቱ ሙሉ በሙሉ በእጁ አለ። የጠፋው መብቱን የሚከፍለው ካዝና ነው።

3. ሦስት የታወቁ ጉዳዮች

ዉልዎርዝስ። ይህ መደብር በብሪታንያ ከ1909 ጀምሮ የነበረ፣ ከረሜላ እስከ መጋረጃ የሚሸጥ፣ የሕፃናት ሁሉ ወዳጅ ነበር። በኅዳር ወር 2008 በአስተዳዳሪ እጅ ገባ። ከ800 በላይ ቅርንጫፎቹ እስከ ጥር 6 ቀን 2009 ተራ በተራ ተዘጉ፤ ወደ 27,000 የሚጠጉ ሠራተኞችም ሥራቸውን አጡ። ከዚህ የምንማረው የስም ትልቅነትና የዕድሜ ርዝመት ለከፋዩ ዋስትና አለመሆናቸውን ነው።

ኤች ኤም ቪ። ይህ ሙዚቃና ፊልም ሻጭ በጥር ወር 2013፣ ማለትም ሰዎች የገና ስጦታ ካርዳቸውን ይዘው ወደ ሱቅ በሚሄዱበት ሰሞን በአስተዳዳሪ እጅ ገባ። በመጀመሪያ ካርዶቹን አንቀበልም ተባለ። ሕዝቡም ተቆጣ፤ መደብሩ እየሸጠ ካርድ አለመቀበሉ እንደ ክህደት ተቆጠረ። ሳምንት ያህል ቆይቶ ካርዶቹን መቀበል ጀመረ። በሕግ ረገድ የስጦታ ካርድ ያለ መያዣ ከተሰጠ ብድር አይለይም፤ አስተዳዳሪው እንዲቀበለው የሚያስገድደው ነገር የለም። ይሁን እንጂ መደብሩን እንደቆመ ለመሸጥ የሚፈልግ አስተዳዳሪ የደንበኛን ፍቅር ማጣት አይፈልግም። ስለዚህ የካርዱ ዕጣ የሚወሰነው በንግድ ስሌት ነው።

ፌርፓክ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ይህ ነው። ፌርፓክ በስዊንደን ከተማ የነበረ፣ ለገና በዓል የሚቆጥቡ ሰዎችን ገንዘብ የሚሰበስብ ኩባንያ ነበር። ቆጣቢዎቹ በብዛት ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ነበሩ። ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ፓውንድ በአካባቢያቸው ለሚያውቋት ወኪል ይሰጣሉ፤ በዓሉ ሲቃረብ የምግብ ቅርጫት ወይም የመደብር ኩፖን ይቀበላሉ። ለእኛ አንባቢ ዕቁብን ሊያስታውሰው ይችላል። ነገር ግን በዕቁብ ዳኛ አለ፣ ዋስ አለ፣ ገንዘቡም በየሳምንቱ ለባለዕጣው ስለሚሰጥ ተጠራቅሞ አይቀመጥም። በፌርፓክ የተሰበሰበው ገንዘብ ግን ከኩባንያው ገንዘብ ጋር ይቀላቀል ነበር።

በጥቅምት ወር 2006፣ ቁጠባው ሊያልቅና ቅርጫቱ ሊታደል ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ፌርፓክ በአስተዳዳሪ እጅ ገባ። ከ100,000 በላይ ሰዎች ከ35 ሚሊዮን ፓውንድ የሚበልጥ ቁጠባ አጡ። ገንዘቡ በባንክ የተቀመጠ ቁጠባ ቢሆን ኖሮ የተቀማጭ ገንዘብ ዋስትናው ይደርስላቸው ነበር። ፌርፓክ ግን ባንክ አልነበረም፤ ቆጣቢዎቹም በሕግ ቋንቋ ዕቃ አስቀድመው የገዙ ሰዎች ነበሩ። በመጨረሻዎቹ ቀናት የገባውን ገንዘብ ለይቶ በአደራ ለማስቀመጥ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስም ሙከራው ለአብዛኞቹ አልጠቀመም። በጎ አድራጊዎችና ኩባንያዎች አዋጥተው ለበዓሉ ኩፖን አደሏቸው፤ ከራሳቸው ገንዘብ ግን ከዓመታት በኋላ ያገኙት ከፊሉን ብቻ ነው።

ነገሩ በዚህ አልቆመም። የእንግሊዝና የዌልስ የሕግ ኮሚሽን ጥያቄውን አጥንቶ በ2016 ሪፖርት አቀረበ፤ እንዲህ ያሉ የበዓል ቁጠባዎች በሕግ እንዲጠበቁም ሐሳብ ሰጠ። በ2024 የወጣው የሸማቾች ሕግም የዚህ ዓይነት ቁጠባ የሚሰበስብ ነጋዴ ገንዘቡን በኢንሹራንስ ወይም በአደራ ሒሳብ እንዲጠብቅ አስገደደ። ከውድቀቱ እስከ ሕጉ 18 ዓመት አለፈ ማለት ነው።

4. ከሰልፉ የሚያወጡ መንገዶች

ሸማቹ ከባዶ ካዝና ፊት ተሰልፎ እንዳይቀር የሚረዱት መንገዶች አሉ። ሁሉም የጋራ ባሕርይ አላቸው፤ ወይም ሌላ ከፋይ ያመጣሉ፣ ወይም ንብረቱ መጀመሪያውኑ የኩባንያው እንዳልነበረ ያሳያሉ።

ሀ) የክሬዲት ካርድ። የ1974ቱ የሸማቾች ብድር ሕግ አንቀጽ 75፣ ዋጋው ከ100 ፓውንድ ለሚበልጥና ከ30,000 ፓውንድ ለማይበልጥ ዕቃ ወይም አገልግሎት፣ ካርዱን የሰጠው ባንክ ከሻጩ ጋር በአንድነትም በነጠላም ተጠያቂ እንዲሆን አድርጓል። ሻጩ ቢከስር ሸማቹ ባንኩን ሙሉ ገንዘቡን ይጠይቃል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የሚታየው የዕቃው ዋጋ እንጂ በካርድ የተከፈለው ልክ አይደለም። 900 ፓውንድ ለሚያወጣ ሶፋ 50 ፓውንድ ቀብድ በክሬዲት ካርድ፣ ቀሪውን 850 በጥሬ ገንዘብ የከፈለ ሰው ባንኩን 900 ፓውንድ ሊጠይቅ ይችላል። በአንጻሩ 60 ፓውንድ ለሚያወጣ ጫማ ይህ አንቀጽ አይሠራም።

ለ) ክፍያውን በካርድ ድርጅቱ በኩል ማስመለስ። ሸማቹ የከፈለው ከራሱ የባንክ ሒሳብ በሚቀንስ ካርድ ወይም ከ100 ፓውንድ በታች ከሆነ፣ ባንኩ ገንዘቡን ከሻጩ ባንክ እንዲያስመልስለት ሊጠይቅ ይችላል። ይህ እንደ ቪዛና ማስተርካርድ ያሉት ድርጅቶች የውስጥ ደንብ እንጂ ሕግ አይደለም፤ የጊዜ ገደብም አለው። ስለዚህ ሳይዘገዩ ማመልከት ያስፈልጋል። ጥሬ ገንዘብ የከፈለ ሰው ከሁለቱም መንገዶች ውጪ ነው።

ሐ) አደራ። አደራ የሰው ገንዘብ ነው፤ ባለአደራው ቢከስር ለዕዳው መክፈያ አይውልም። በ1970ዎቹ ኬይፎርድ የሚባል በፖስታ ዕቃ የሚሸጥ ኩባንያ ችግር ሲገጥመው፣ ከደንበኞቹ የሚመጣውን ገንዘብ ዕቃው እስኪላክ ድረስ ለዚሁ በተለየ የባንክ ሒሳብ ማስገባት ጀመረ። ኩባንያው ሲፈርስ ጉዳዩ ለዳኛ ሜጋሪ ቀረበ። ዳኛውም ገንዘቡ የደንበኞቹ እንጂ የኩባንያው አይደለም ሲሉ ፈረዱ። በፌርፓክ የጎደለው ይኸው በጊዜ የተደረገ መለየት ነበር።

መ) ባለቤትነት። ሸማቹ በመደብሩ ውስጥ ያለችውን አንዲት የልብስ ማጠቢያ ለይቶ ገዝቶ፣ ነገ እወስዳታለሁ ብሎ ቢተዋት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር ዕቃዋ የእርሱ ሆናለች፤ አስተዳዳሪው ሊያስረክበው ይገባል። ለጥገና የገባ ዕቃም ሁልጊዜ የባለቤቱ ነው። ነገር ግን በመጋዘን ካሉት መቶ ተመሳሳይ ማጠቢያዎች «አንዷን» ያዘዘ፣ ወይም ገና የሚሠራ ሶፋ ያዘዘ ሰው፣ ዕቃው ለእርሱ ተለይቶ እስኪመደብ ድረስ ባለቤት አይደለም።

ሠ) በሕግ የታዘዘ ዋስትና። በብሪታንያ በረራና ማረፊያን አጣምሮ የሚሸጥ የጉዞ ድርጅት ለደንበኞቹ ዋስትና እንዲይዝ ሕጉ ያስገድዳል። ቶማስ ኩክ የተባለው ድርጅት በመስከረም ወር 2019 ሲወድቅ፣ በየአገሩ የነበሩ ከ140,000 በላይ መንገደኞች ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ለተራ መደብር ግን እንዲህ ያለ አጠቃላይ ግዴታ የለም።

5. ዕቃው ጉድለት ቢኖረው

የ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ30 ቀን ውስጥ መልሶ ገንዘብን የመቀበል መብት ይሰጣል። ይህ መብት የሚነሣው በሻጩ ላይ ነው። ሻጩ ከከሰረ መብቱም ወደ ተራ የገንዘብ ጥያቄነት ይለወጥና ከሰልፉ ይገባል። የፋብሪካው ዋስትና ግን ሌላ ውል ነው፤ የመደብሩ መክሰር አይነካውም። ስለዚህ የዋስትናውን ወረቀትና ደረሰኙን ማስቀመጥ ይጠቅማል። በተጨማሪም፣ የከሰረ መደብር ስሙና ዕቃው ለሌላ ኩባንያ ሲሸጥ፣ አዲሱ ባለቤት የቀድሞውን ዕዳ እንዲወርስ አይገደድም። በበሩ ላይ ያለው ሰሌዳ ያው ቢሆንም ከውስጥ ያለው ባለዕዳ ሌላ ሰው ነው።

6. በአገራችን ሕግ ረገድ

የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ (1952 ዓ.ም.) ስለ ቀብድ በግልጽ ይናገራል። ቀብድ ውል መኖሩን ያስረዳል፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የሰጠው ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ይህ ለገዢው ጠንካራ መብት ነው። ይሁን እንጂ ተቀባዩ ከከሰረ፣ የእጥፍ መብትም ቢሆን ከባዶ ካዝና የሚጠየቅ ይሆናል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) የቀድሞውን የኪሳራ ሥርዓት ሲተካ፣ ችግር የገጠመውን ነጋዴ እንደገና የማደራጀት መንገድንም ጨምሯል። ይህ ለንግዱም ለሠራተኛውም በጎ ነው። ለቀብድ ከፋዩ ግን መልሶ ማደራጀት ማለት በመጀመሪያ መጠበቅ ማለት መሆኑን ካየነው ምሳሌ እንረዳለን። በክሬዲት ካርድ መሸመት ባልተለመደበት አገር ደግሞ ሌላ ከፋይ የማምጣቱ መንገድ ጠባብ ነው። ስለዚህ ጥንቃቄው ከክፍያው በፊት መሆን አለበት፤ ቀብዱን ማሳነስ፣ ክፍያውን ከሥራው ደረጃ ጋር ማያያዝ፣ የሚገዛውን ዕቃ በውሉ ላይ በመለያ ቁጥሩ ማስመዝገብ፣ ደረሰኝ መቀበል።

7. መደብሩ ከከሰረ ሸማቹ ምን ያድርግ?

በመጀመሪያ ደረሰኙን፣ ውሉንና የተጻጻፈውን ሁሉ ይሰብስብ። ሁለተኛ፣ በምን እንደከፈለ አይቶ ወደ ባንኩ በጊዜ ያመልክት። ሦስተኛ፣ የስጦታ ካርድ ካለውና መደብሩ የሚቀበል ከሆነ ነገ ሳይል ይጠቀምበት። አራተኛ፣ ዕቃው ለእርሱ ተለይቶ እንደሆነ ለአስተዳዳሪው በጽሑፍ ያሳውቅ። አምስተኛ፣ ሌላ መንገድ ከሌለ በባለገንዘቦች ዝርዝር ውስጥ ይመዝገብ። ጥቂት ፔንስ ቢሆንም ካልተመዘገበ እርሱም የለም።

ለመምህራን

ይህን ትምህርት በኢኮኖሚክስ፣ በሥነ ዜጋ ወይም በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ማቅረብ ይቻላል። በምናባዊው መደብር ላይ ተማሪዎች የባንኩን፣ የሠራተኛዋን፣ የግብር ሰብሳቢውን፣ የዕቃ አቅራቢውንና የሸማቹን ቦታ ይዘው ቢከራከሩ ነገሩ ይበልጥ ይገባቸዋል። የሚከተሉት ጥያቄዎች ለውይይት ይረዳሉ።

1. ከላይ ባለው ሒሳብ የመደብሩ ዕቃ በ5 ሚሊዮን ሳይሆን በ3 ሚሊዮን ፓውንድ ቢሸጥ፣ 400 ፓውንድ የከፈለው ሰው ስንት ይመለስለታል?

2. ሠራተኛው ከሸማቹ ይቅደም የተባለው በምን ምክንያት ይመስላችኋል? በዚህስ ትስማማላችሁ?

3. ሸማቹ ከባንኩ ይቅደም ቢባል፣ ባንኮች ለነጋዴ ገንዘብ ለማበደር ያላቸው ፈቃደኝነት ምን ይሆናል? የዕቃ ዋጋስ?

4. በአካባቢያችሁ ያለውን የዕቁብ ደንብ ከፌርፓክ አሠራር ጋር አነጻጽሩ። የዳኛውና የዋሱ ሥራ ከየትኛው አደጋ ይጠብቃል? ከየትኛውስ አይጠብቅም?